ቃልና መስኮት፤ ቋንቋ በቪዲዮ ኪነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ

ቃል በተውኔት መድረክ ላይ በተዋናዩ እስትንፋስ ይኖራል፤ በመጽሐፍ ገጽ ላይ በአንባቢው ፍጥነት ይጓዛል፤ በራዲዮ ደግሞ ከሌላው ነገር ሁሉ ተለይቶ ብቻውን ይቆማል። ቴሌቪዥን ግን ቃልን ከሦስቱም ቤቶቹ አስወጥቶ የምስል ሎሌ አደረገው። ዜና አንባቢው የሚናገረው ከጎኑ የሚታየውን ሥዕል ለማስረዳት ነው፤ የስፖርት ዘጋቢው የሚናገረው ዐይን አስቀድሞ ያየውን ለመድገም ነው፤ የማስታወቂያው ድምፅ የሚናገረው ሳሙናውን ለማሸጥ ነው። ቃሉ ይሰማል እንጂ አይደመጥም። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው) ጥቂት ጸሐፍተ ተውኔት፣ ገጣምያንና ሠዓልያን ይህንኑ መሣሪያ በእጃቸው አስገብተው ቃሉ እንደገና እንዲደመጥ ለማድረግ ተነሡ። ይህንንም ያደረጉት ቃሉን በማስጌጥ ሳይሆን ጊዜውን በመያዝ ነው። ቃሉ መቼ እንደሚጀምር፣ የት ላይ እንደሚቆረጥ፣ ስንት ጊዜ እንደሚደገም፣ ከተናጋሪው አፍ ወጥቶ ከስንት ቅጽበት በኋላ ወደ ጆሮው እንደሚመለስ መወሰን ለእነርሱ የድርሰት ሥራ ሆነ።

የነገሩ መነሻ የቪዲዮ ኪነ ጥበብ የሚለው ስም ከመለመዱ በፊት ነው። አየርላንዳዊው ጸሐፌ ተውኔት ሳሙኤል ቤኬት በ1965 ለቴሌቪዥን ብቻ የሚሆን አንድ አጭር ተውኔት ጻፈ፤ ስሙ «እህ ጆ» ይባላል። በ1966 አስቀድሞ ከሽቱትጋርት፣ ቀጥሎም ከለንደን ተሰራጨ፤ ያን ጊዜ ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ከገባ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። በተውኔቱ ውስጥ አንድ ዕድሜው የገፋ ሰው ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነው። መስኮቱን ያያል፤ በሩን ይቆልፋል፤ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ይፈትሻል፤ አልጋው ሥር ያጎነብሳል። ማንም እንደሌለ ካረጋገጠ በኋላ አልጋው ላይ ይቀመጣል። የሴት ድምፅ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ድምፁ ከደጅ ሳይሆን ከሰውዬው ከራሱ ጭንቅላት ውስጥ የሚወጣ ስለሆነ የተቆለፈው በር አያድነውም። ጆ እስከ መጨረሻው ድረስ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ ክሱን በፊቱ ብቻ ይሰማል።

ለጸሐፌ ተውኔት ትልቁ ትምህርት ያለው ለካሜራው በተሰጠው ትእዛዝ ላይ ነው። ካሜራው ወደ ጆ ፊት ዘጠኝ ጊዜ ይጠጋል፤ የሚንቀሳቀሰው ግን ድምፁ በሚያርፍበት ክፍተት ብቻ ነው። ድምፁ ሲቀጥል ካሜራው ባለበት ይቆማል። ቃልና ምስል አንዱ ሌላውን ሳይረግጥ፣ እንደ ጨዋ ሰዎች፣ ተራ ጠብቀው ይናገራሉ ማለት ነው። ይህን ያህል ቀላል ደንብ የቴሌቪዥንን ሥርዐት ገለበጠው፤ ከዚያ በፊት ጸጥታ በቴሌቪዥን ዘንድ የመሣሪያ ብልሽት ምልክት ነበርና። ቃልን እስከዚህ ድረስ ያከበረው ይኸው ደራሲ በ1981 ለሽቱትጋርት ቴሌቪዥን ባዘጋጀው «ኳድ» በተባለው ሥራው ላይ አራት የተሸፋፈኑ ሰዎች በአራት ማዕዘን ላይ ሲመላለሱ አሳየ፤ በዚያ ሥራ ውስጥ አንድም ቃል የለም።

ቤኬት የሠራው በታላላቅ ጣቢያዎች አዳራሽ፣ በባለሙያዎች ቡድን ነው። ሌላው ሰው መሣሪያውን ለመንካት የቻለው የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ በ1967 አንድ ሰው በትከሻው አንግቶ ሊሄድ የሚችለውን ፖርታፓክ የተባለ የምስል መቅረጫ ካወጣ በኋላ ነው። ክሩ ግማሽ ኢንች ስፋት ያለው ሲሆን አንዱ ጥቅልል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይይዝ ነበር። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፣ ያውም ደብዛዛ ነው። ይህን ክር ቆርጦ መቀጠል አስቸጋሪ በመሆኑ የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ካሜራውን ተክለው ፊቱ እየቆሙ ጥቅልሉ እስኪያልቅ ይናገሩ ነበር። በዚያ ዘመን ሥራዎች ላይ መነባንብ የበዛው ከፍልስፍና ብቻ የመነጨ አይደለም፤ የመሣሪያው ባሕርይም ግድ ብሎአቸዋል። የግጥም ቤት በአንድ ትንፋሽ እንደሚለካ ሁሉ እነዚያ ሥራዎችም በአንድ ጥቅልል ይለኩ ነበር።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ የካሊፎርኒያው ጆን ባልደሳሪ ነው። በ1971 ካሜራ ፊት ቆሞ ክንዱን ትንሽ ባነሣ፣ አንገቱን ትንሽ ባዞረ ቁጥር ኪነ ጥበብ እየሠራ መሆኑን በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ያስታውቅ ጀመር፤ ይህንንም ወደ ሃያ ደቂቃ ያህል ደጋገመው። ዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ መግለጫ ነው፤ ከዚያ ቀልድ ይሆናል፤ ከዚያ ያሰለቻል፤ በመጨረሻ ግን እንደ ልመና ይሰማል። ቃሉ አንድም ፊደል ሳይለወጥ ትርጉሙ አራት ጊዜ ተለወጠ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ አንድ የሸክላ ተክል ፊት ለፊት አስቀምጦ የላቲን ፊደላትን በካርድ እያሳየ፣ እያንዳንዱን ደጋግሞ እየጠራ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድረስ አስተማረው። ተክሉ ዝም አለ። መምህር የሆነ ሰው ይህን ሥራ ሲያይ በመጀመሪያ ይስቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ሣቁ ይቀዘቅዛል።

ቪቶ አኮንቺ የተነሣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ በገጣሚነት የታወቀ፣ ከ1967 እስከ 1969 ድረስ ከበርናዴት ሜየር ጋር አንድ የግጥም መጽሔት ያዘጋጅ የነበረ ሰው ነው። ገጹ ጠበበው፤ ወደ ካሜራ ተሻገረ። በ1973 በሠራው «ቴም ሶንግ» በተባለው ቪዲዮ ወለል ላይ ጋደም ብሎ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው በጣም አስጠግቶ፣ ሲጋራ እያጨሰ፣ በቴፕ ዘፈን እያስደመጠ ተመልካቹን ወደ እኔ ቅረብ እያለ ግማሽ ሰዓት ያህል ያባብላል። ይህን ሥራ በአማርኛ ጆሮ ለሚያዳምጥ ሰው አንድ ቁም ነገር ይታየዋል። አኮንቺ የሚጠቀምበት የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ልጅ፣ አንድ ይሁን ብዙ አይለይም፤ ማባበያው የሚይዘው ስለዚህ ነው፤ የተመለከተው ሁሉ ለኔ ነው ይላል። የአማርኛ ተናጋሪ ግን አፉን እንደ ከፈተ «ና» ወይም «ነይ» ወይም «ይምጡ» ማለት ግዴታው ነው፤ አንዱን በጠራ ቁጥር የቀሩትን ከደጅ ያስቀራል። የአኮንቺ ሥራ ስዋሰው ራሱ ሤራ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ከዚህ በተረፈ ሥራው ረዝሟል፤ ከአሥረኛው ደቂቃ በኋላ የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው።

ቅርጻ ቅርጽ ሠሪው ሪቻርድ ሴራ ከካርሎታ ፌይ ስኩልማን ጋር በ1973 ያዘጋጀው «ቴሌቪዥን ሕዝብን ያስረክባል» ሊባል የሚችለው ሥራ ደግሞ ሰውም ድምፅም የለበትም። በሰማያዊ መደብ ላይ ጽሑፍ ብቻ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከጀርባው በገበያ አዳራሽና በአሳንሰር ውስጥ የሚሰማው ዓይነት ለስላሳ ሙዚቃ ይፈስሳል። ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ አይሞላም። ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፤ በንግድ ቴሌቪዥን ዘንድ ሸቀጡ በማስታወቂያ የሚታየው ዕቃ አይደለም፤ ሸቀጡ ተመልካቹ ራሱ ነው፤ ጣቢያው ተመልካቹን ሰብስቦ ለማስታወቂያ ከፋዩ ያስረክባል። ሐሳቡ ዛሬ በየስልኩ መስኮት ለሚኖር ትውልድ እንግዳ አይሆንበትም። ለሥነ ጽሑፍ ሰው ግን ከሐሳቡ ይልቅ የቀረበበት መንገድ ይበልጥ ያነጋግራል። ሴራ ቴሌቪዥንን የሚከስሰው ቴሌቪዥንን የንባብ ገጽ በማድረግ ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ገጽ እንደ መጽሐፍ ገጽ አይደለም። መጽሐፍ አንባቢ ያልገባውን መልሶ ያነባል፤ እዚህ ላይ ግን ዐረፍተ ነገሩ አንዴ ከመስኮቱ ካለፈ አይመለስም። የንባቡ ፍጥነት በመሣሪያው እጅ ነው። ጽሑፉ ስለ መገዛት እየነገረው ሳለ አንባቢው እዚያው ይገዛል፤ ሙዚቃው ደግሞ መገዛቱን ያጣፍጥለታል። ቅርጽና ይዘት እንዲህ የተጋቡበት የሰባት ደቂቃ ስድ ንባብ በቀላሉ አይገኝም።

ከሁሉም የቃልን ነገር ጠልቆ የነካው ግን ይኸው ሴራ በ1974 ከናንሲ ሆልት ጋር የሠራው «ቡመራንግ» ነው። ሆልት በዩታ በረሓ ላይ በተከለቻቸው ታላላቅ የሲሚንቶ ቱቦዎች የምትታወቅ ሠዓሊት ናት። በቴክሳስ፣ አማሪሎ ከተማ በሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተቀምጣ የጆሮ ማዳመጫ አደረገች። የምትናገረው ሁሉ ከቅጽበት መዘግየት በኋላ ተመልሶ ጆሮዋ ውስጥ ይገባል። ሥራዋ ይህ ነገር ምን እንደሚያደርጋት በዚያው ቅጽበት መናገር ነው። ተመልካቹ ሁለቱንም፣ የሚወጣውንም የሚመለሰውንም ቃል ይሰማል። ሴትዮዋ አንድ ቃል ትጀምራለች፤ የቀድሞው ቃልዋ ይመጣና ያደናቅፋታል፤ ትዘገያለች፤ ቃሉን በቀለም በቀለም ትከፍለዋለች፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ሐሳብ ቦታ ለማግኘት ዝም ትላለች። ሐሳብና ንግግር ምንጊዜም አብረው የሚሄዱ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን አሥር ደቂቃ ቢያዩ ይጠቅማቸዋል። አንደበት የሚሠራው ጆሮ ትናንሽ ስሕተቶችን እየጠበቀ ስለሚረዳው ነው፤ ጆሮ ሲዘገይ አንደበት ይሰናከላል፤ አንደበት ሲሰናከል ሐሳብ ራሱ ይሰነጠቃል። ይህን ያለ ደራሲ፣ ያለ ጽሑፍ፣ አንዲት ሴትና አንድ ማዳመጫ አስረዱት። ሆልት የተናገረችው አስቀድሞ ያልተጻፈ ነው፤ ሆኖም የሚደጋገመው ቃል፣ ዕረፍቱና ምቱ ሲደመጥ ግጥም ሆኖ ይገኛል።

ሮዛሊንድ ክራውስ በ1976 «ኦክቶበር» በተባለው መጽሔት የመጀመሪያ ዕትም ላይ ባወጣችው የታወቀ ሐተታ፣ ቪዲዮ በባሕርዩ ራስን በራስ የመውደድ ጥበብ ነው ብላ ለዚህ ካቀረበቻቸው ምሳሌዎች አንዱ ይኸው «ቡመራንግ» ነው። አባባሉ ለአኮንቺ ፊት ይስማማ ይሆናል። ሆልት ግን በራስዋ ድምፅ አልተደሰተችም፤ የራስዋን ቃል አጥታ ስትፈልገው ነው የምትታየው። መስተዋት ፊት ከቆመ ሰው ይልቅ ገደል ማሚቶ ከምታሾፍበት መንገደኛ ጋር ትመሳሰላለች።

በ1975 ማርታ ሮስለር የላቲን ፊደል ተራን ወደ ማድ ቤት አስገባች። ሥራው ከስድስት ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። የቴሌቪዥን የምግብ አሠራር ፕሮግራም ይመስላል፤ ጠረጴዛ አለ፣ ማብሰያ አለ፣ ሽርጥ የታጠቀች ሴት አለች። ሴትዮዋ ግን ምንም አታበስልም። ዕቃዎቹን በእንግሊዝኛ ስማቸው የፊደል ተራ አንድ በአንድ እያነሣች ስማቸውን ትጠራለች፤ ሽርጡን፣ ጎድጓዳ ሳሕኑን፣ መክተፊያውን፣ የእንቁላል መምቻውን፣ ሹካውን፣ ቢላዋውን፣ ጭልፋውን። እያንዳንዱን ከጠራች በኋላ አጠቃቀሙን ታሳያለች፤ እጅዋ ግን ከሚገባው በላይ ይወነጨፋል። በጭልፋው የቀዳችውን ወጥ የሌለበት ባዶ አየር ወደ ጎን ትደፋዋለች። ቃሉ ገራም ነው፤ ቁጣው በእጅ ላይ ነው። ከተራው መጨረሻ ላይ የሚገኙት ፊደላት ዕቃ ስላልተገኘላቸው ሹካና ቢላዋ እንደ ያዘች በክንዶችዋ ትሠራቸዋለች፤ የመጨረሻውን ፊደል በቢላዋ አየር ላይ ትጽፈዋለች። ከዚያ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ትተወዋለች። ፊደል ቆጥሮ ያደገ ሁሉ ተራ ምን ያህል እንደሚያስገድድ ያውቃል፤ አንዱ ከተጠራ ቀጣዩ መጠራት አለበት። ሮስለር የቤት ውስጥ ሥራን ማለቂያ የለሽ ተራ ያሳየችው ስለ ሥራው አንድም የክስ ቃል ሳትናገር ነው።

እስከዚህ ድረስ የተጠቀሱት ሠዓልያን ወደ ቋንቋ ብቅ ብለው የተመለሱ ናቸው ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም። ዕድሜውን በዚያ ላይ ያሳለፈው ጋሪ ሂል ነው። በ1951 በካሊፎርኒያ ተወለደ፤ በብረት ቅርጻ ቅርጽ ጀመረ፤ በ1970ዎቹ ውስጥ ከገጣሚው ከጆርጅ ኳሻ ጋር መወዳጀቱ ወደ ቃል እንዲያዘነብል አደረገው። በ1980 የሠራው «አራውንድ ኤንድ አባውት» የተባለው አምስት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ሥራ ደንቡ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ይናገራል፤ በተናገረው ቀለም ሁሉ ምስሉ ይለወጣል። ወንበር፣ ግድግዳ፣ የጠረጴዛ ጠርዝ፣ ጥግ፤ ሁሉም እንደ ንግግሩ ምት ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ቴሌቪዥን ቃልን ለምስል ሎሌ ካደረገው፣ እዚህ ላይ ምስል ለቃል ከበሮ መቺ ሆኗል። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ በእንግሊዝኛ ጽሕፈት የቃሉ ቀለማት ተለይተው አይታዩምና። በግዕዝ ፊደል ግን ገጹ አስቀድሞ የተከፋፈለ ነው፤ ሳድሱ አንዳንድ ጊዜ ከፊተኛው እየተጣበቀ ከማስቸገሩ በቀር፣ አንዱ ፊደል አንዱን ቀለም ይዞ ይቆማል። ሂል በቅንብር ጠረጴዛ ላይ ብዙ ደክሞ ያገኘውን ክፍፍል የአማርኛ ጸሐፊ በየዕለቱ በብዕሩ ጫፍ ያደርገዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ከ1981 እስከ 1983 በሠራው «ፕራይመሪሊ ስፒኪንግ» ሰው ሁሉ ሳያስብ የሚናገራቸውን የተለመዱ ፈሊጦች እያያዘ መነባንብ አደረጋቸው። በ1984 የወጣው ሥራው ግን ከሁሉም ይበልጣል። መነሻው ሳይንቲስቱ ግሪጎሪ ቤትሰን የጻፈው የአባትና የልጅ ምልልስ ነው፤ ልጅቱ ነገሮች ለምን እንደሚዘበራረቁ አባትዋን ትጠይቃለች። ሂል ተዋንያኑ ቃላቸውን ከኋላ ወደ ፊት እንዲናገሩ አስጠናቸው፤ ከዚያ ክሩን ገልብጦ አጫወተው። የሚሰማው በመጠኑ የሚገባ እንግሊዝኛ ነው፤ ግን ድምፁ በሚጠፋበት ፈንታ ያብጣል፤ ትንፋሹ በማይጠበቅበት ቦታ ይገባል፤ ሰውነት ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለ ሥርዐትና ስለ መዘበራረቅ የሚነጋገሩ ሰዎች አንደበታቸው ራሱ ተዘበራርቆ የተስተካከለ ነው። የሥራው ንኡስ ርእስ የአንዲት አበባ ስም ያለበት ተራ ጥሪ ይመስላል፤ ፊደላቱ ሲበተኑና እንደገና ሲደረደሩ ግን የእንግሊዝኛ ተረት ሁሉ የሚጀመርበት «ከዕለታት አንድ ቀን» የሚለው ሐረግ ይወጣል።

ይህ የመገልበጥ ነገር በአማርኛ ቢሞከር አንድ ያልታሰበ ችግር ያመጣል። «ሰላም» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ፊደል በፊደል ቢገለበጥ «ምላሰ» ይሆናል። በክር ላይ ተቀርጾ ቢገለበጥ ግን ተነባቢውና አናባቢው ስለሚለያዩ የሚሰማው «ማለስ» ነው። ዐይን የገለበጠውና ጆሮ የገለበጠው አይገጥሙም። በፊደሉ ውስጥ አንድ አካል ሆነው የተጋቡትን ሁለት ድምፆች መሣሪያው ያፋታቸዋል ማለት ነው።

ሂል ከ1987 እስከ 1988 ባዘጋጀው 44 ደቂቃ በሚፈጀው «ኢንሲደንስ ኦቭ ካታስትሮፍ» በተሰኘው ሥራ ከቃል አልፎ ወደ ንባብ ሄደ። መነሻው ፈረንሳዊው ሞሪስ ብላንሾ በ1941 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ሂል ራሱ አንባቢውን ሆኖ ይጫወታል። መጽሐፉ ይገለጣል፤ ፊደላቱ ከመቅረባቸው የተነሣ የወረቀቱ ጭረት ይታያል፤ የባሕር ሞገድ አሸዋውን ይንዳል፤ ሰውዬው የሚያነበውን ዓለምና የሚኖርበትን መለየት ያቅተዋል። በመጨረሻ ግድግዳ በሚያካክሉ የመጽሐፍ ገጾች ፊት ራቁቱን ተኮራምቶ ወድቆ፣ ቃል ያልሆነ ድምፅ ሲያሰማ ይታያል። ማንበብ አደጋ ሊሆን እንደሚችል ሥነ ጽሑፍ ደጋግሞ ተናግሯል፤ አንባቢ በፊደል ሲሸነፍ በዐይን ማሳየት ግን ለዚህ መሣሪያ የተተወ ነበር። በ1995 የቬኒሱ ዐውደ ርእይ የወርቅ አንበሳ ሽልማቱን ለሂል ሰጠው፤ የሰጠው ግን በቅርጻ ቅርጽ ዘርፍ ነው። ዳኞቹ ቃልንም ብረትንም በአንድ ዐይን አዩት።

ሥራዎቹ ዛሬ የሚታዩት ክሩ ስለቆየ አይደለም። መግነጢሳዊ ክር ይዝጋል፣ ይጣበቃል፤ የሚያጫውተው መሣሪያም ከገበያ ይጠፋል። በ1971 በኒው ዮርክ፣ በ1976 በቺካጎ የተቋቋሙ ሁለት የቪዲዮ ማከማቻ ተቋማት ከዘመን ዘመን ወደ አዲስ ክር፣ ኋላም ወደ ኮምፒውተር እየገለበጡ ባያቆዩአቸው ኖሮ ከላይ የተነገረው አብዛኛው በወሬ ብቻ ይቀር ነበር።

የኢትዮጵያ ስም ወደዚህ ታሪክ የሚገባው በቴዎ እሸቱ በኩል ነው። በ1958 በለንደን ከኢትዮጵያዊ አባትና ከሆላንዳዊት እናት ተወልዶ፣ በአዲስ አበባ፣ በዳካርና በቤልግሬድ አድጎ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሮማ የቪዲዮ ሥራ የጀመረ ከያኒ ነው። በ1997 የሠራው «ደም ንጹሕ ውሃ አይደለም» ሊባል የሚችለው ሥራ ወደ ኢትዮጵያ ያደረገውን ጉዞ የያዘ ሲሆን በዚያ ውስጥ አያቱ ይገኛሉ። አያቱ አቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ናቸው፤ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከዐፄ ልብነ ድንግል እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ» የተባለውን መጽሐፍ በትምህርት ቤት ያላነበበ የዚያ ትውልድ ተማሪ ጥቂት ነው። ዕድሜአቸውን ሙሉ ታሪክን በአማርኛ ስድ ንባብ የጻፉ ሊቅ በልጅ ልጃቸው ካሜራ ፊት መቀመጣቸው የሁለት አጻጻፍ መገናኘት ነው፤ አንዱ ዓመትን በዓመት ላይ ይደረድራል፤ ሌላው ምስልን በምስል ላይ ያነባብራል።

ቴዎ እሸቱ በ2009 ያሳየው «የአክሱም ሐውልት መመለስ» ደግሞ በ1937 ወደ ሮማ ተወስዶ የነበረው ሐውልት በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን መምጣቱንና በ2008 በአክሱም መተከሉን ይተርካል። የሚተርከው ግን በአንድ መስኮት አይደለም፤ በአሥራ አምስት ነው። አደራደሩን የወሰደው የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ አራት ማዕዘናት ከሚያሳየው አገርኛ ሥዕል ነው። በዚያ ሥዕል ላይ ከየአራት ማዕዘኑ ግርጌ ትንሽ የአማርኛ ጽሑፍ አለ፤ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለት ነበር፤ ጣቱም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይሄድ ነበር። አሥራ አምስቱ መስኮቶች ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ፤ ጣት ከየትኛው እንደሚጀምር የሚነግረው የለም።